ከጎንሽ የተቀመጠችው ማን ናት?



የትምህርት ዘመን በተጀመረ ቁጥር በየጦር ሰፈሩ አንድ ዓይነት ሁካታ ይሰማል። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽሞ ወደ ኮሌጅ የሚሄድ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ሻንጣ ይሸክፋል፤ በሶው ይፈጫል፤ ዳቦ ቆሎው ይጋገራል፤ ብርድ ልብሱ ታጥቦ ይሰጣል። አባት የሚከፈለውን ያሰላል፤ እናት የሚበላውን ታስባለች። ለልጁ ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። በማያውቀው ክፍል ውስጥ፣ ከማያውቀው ሰው ጎን መቀመጥ አለበት። ስለ ስንቁ የሚመክር ብዙ ሲሆን ስለዚህ የሚመክር ጥቂት በመሆኑ፣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንደ እርሱ አዲስ የሆነውን ባልንጀራውን በምን መንገድ ሊያውቀው እንደሚችል በዛሬው ዝግጅታችን ልናነሣ ወደድን።

ነገሩን ለማንሣት ምክንያት የሆኑን አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። በቅርቡ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ብለው ከልጅ ልጃቸው የደረሷቸውን ሦስት ደብዳቤዎች አስነበቡን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን እንዳስፈለገ ብንጠይቃቸው፣ «ስልክ ተወርቶ ያልቃል፤ ደብዳቤ ግን ተመልሶ ይነበባል» ሲሉ መለሱልን። ቀጥለውም «ስማችንን ተዉት፤ ነገሩን ግን ልጅ ላላቸው ንገሩልኝ» ስላሉን እንዲሁ እናደርጋለን።

ልጅቱ ያደገችው በጦር ሰፈር አጠገብ፣ በአያቶቿ እጅ ነው። እናቷ በሐርጌሳ ከተማ አነስተኛ ምግብ ቤት ከፍታ፣ ለዓመታት እንጀራና ወጥ እየሸጠች ትኖራለች። ልጅቱም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች ወደ እናቷ ሄዳ፣ በዚያው ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የነርስነት ትምህርት ጀመረች። የሚኖሩት ከከተማው ወረዳዎች አንዱ በሆነው በማሕሙድ ሃይቤ ነው።

ሐርጌሳ ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ የሚሻገር መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ የሚደርስባት ከተማ ናት። አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚውል ወንዝ መካከሏን አቋርጦ ያልፋል። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን ሌሎች ኮሌጆችም አሏት። ነርስነትም በዚያች ከተማ የተከበረ ሙያ ነው፤ አዋላጅ ነርሷ ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኢል ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው ያሠሩት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ጀምሯል። እንግዲህ ልጅቱ የሄደችው ወደ መልካም ትምህርት ነው። ያስቸገራት ትምህርቱ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለዚሁ ያትታል። «አባባ፣ ትምህርት ከጀመርን ሁለት ወር ሆነን፤ እኔ ግን እስካሁን ከሰላምታ በቀር ከማንም ጋር አልተነጋገርሁም። ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች። በአንድ ወንበር ተቀምጠን እንማራለን፤ በአንድ አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ ማሕሙድ ሃይቤ ስንደርስ በአንድ ፌርማታ እንወርዳለን። ከዚያ እርሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ እንሄዳለን። ቃል አንለዋወጥም። ኮርታብኛለች ብዬ እኔም ኮራሁ።»

ይህን የመሰለ ዝምታ ለእኛ አንባብያን እንግዳ አይደለም። አዲስ ወደ ሰፈሩ የተዛወረ ወታደር ባለቤት በጎረቤቷ በር ስታልፍ የምታየውን ዝምታ ታስታውሰዋለች። እርሷ «ንቀውኛል» ትላለች፤ ጎረቤቶቿም «አዲሷ ሴት ኩሩ ናት» ይባባላሉ። አንዷ ቡና አፍልታ እስክትጠራ ድረስ ሁለቱም ወገኖች በየቤታቸው ተቀይመው ይቀመጣሉ።

የሁለቱን ተማሪዎች ዝምታ የሰበረው የሥራ ልምምድ ነው። አንድ ቀን መምህሩ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ አንዱ የሌላውን የልብ ትርታ እንዲቆጥርና የደም ግፊት እንዲለካ አዘዘ። ልጅቱ እንዲህ ጽፋለች፦ «እጇን ይዤ ትርታዋን ስቆጥር በደቂቃ ዘጠና ስድስት ሆነ። እርሷ የእኔን ስትቆጥር መቶ ሁለት አገኘች። መምህሩ መዝገቡን አይቶ፣ ‹ሁለታችሁም ሮጣችሁ ነው የመጣችሁት?› ቢለን፣ ሁለታችንም ፈርተን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባንና በሳቅ ፈረስን። ኮርታብኛለች ያልኋት ልጅ ለካስ እኔን እንደ ኩሩ ቆጥራ ስትፈራኝ ኖራለች።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መተዋወቁ በጥቃቅን ነገር ቀጠለ። አስቀድመው የተማማሩት ስም ነው። የሶማሌ ስም እንደ እኛው የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ተከታትሎ የሚጠራ በመሆኑና ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም የማትለውጥ በመሆኗ፣ ሁለቱም ገና ሲነጋገሩ አንድ የጋራ ነገር አገኙ። ቀጥሎ ሰላምታ መጣ። ሶማሌዎች ሲገናኙ «ኢስካ ወረን» ይባባላሉ፤ ትርጓሜውም «ስለ ራስህ አውራኝ» እንደ ማለት ነው። ልጅቱ ይህን ስታውቅ፣ «ሁለት ወር ሙሉ ስለ ራሴ እንድነግራት ስትጠይቀኝ፣ ‹ደኅና› ብዬ አልፋት ነበር» ስትል ጽፋለች። ከዚያም ምግብ ተከተለ። ለቁርስ የሚቀርበው ላሆህ እንደ እንጀራችን ተቦክቶ የሚጋገር፣ ስስና ዓይናማ ነው፤ በቅቤና በስኳር፣ በወተትና በቅመም ከፈላ ሻይ ጋር ይበላል። የእኛይቱም በፈንታዋ በእናቷ ቤት ቡና አፍልታ፣ ከአቦል እስከ በረካ አስቀመጠቻት።

እስከዚህ ድረስ የሆነው በማንኛውም ኮሌጅ የሚያጋጥም ነው። በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ግን ነገሩ ከበደ።

«አባባ፣ ጓደኛዬ ወደ ቤቷ ወስዳ ከአያቷ ጋር አስተዋወቀችኝ። ሽማግሌው ከምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሻይ አስቀዱልኝ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፤ ስለ አገራችን ዝናብ ጠየቁኝ። ጓደኛዬ በመካከላችን ሆና ትተረጉም ነበር። ከዚያም ‹ያሳደጉሽ አያትሽ ሥራቸው ምን ነበር?› አሉኝ። ቀና ብዬ ባይ፣ ከግድግዳው ላይ ሽማግሌው በወጣትነታቸው በወታደር ልብስ የተነሡት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ዘመኑን ገመትሁ። ደነገጥሁና ‹ገበሬ ናቸው› አልሁ። ጓደኛዬም ይህንኑ ተረጐመችላቸው። ከዚያ በኋላ ሻዩ አልወረደልኝም። አባባ፣ እርስዎን ካድሁዎ።»

የልጅቱን ድንጋጤ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል ከባድ ጦርነት ተካሂዶ ነበር። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ደግሞ ከካራማራ ውጊያ በኋላ ተመለሰች። የእኛ ሃምሳ አለቃ ያን ጊዜ በካራማራ ግንባር የተሰለፉ ወጣት ወታደር ነበሩ።

ደብዳቤው በቤቱ ውስጥ የፈጠረውን ሃምሳ አለቃው እንዲህ ሲሉ አጫወቱን። «እኔ ተቆጣሁ፤ ለአገሬ የደማሁበትን ሥራ የገዛ ልጄ ሸሸገችው አልሁ። ባለቤቴ ግን ጥጧን እየፈተለች ሰምታኝ ስታበቃ፣ ‹ሃምሳ አለቃ፣ ልጅቱ በእርስዎ አፍራ አይደለም፤ ያገኘቻትን አንዲት ጓደኛ እንዳታጣ ፈርታ ነው። እርስዎስ እኔን ሲያጩ የአባቴን በሬ ቁጥር እያዩ ያንን ሁሉ ከብት አለኝ ብለው አልነበረም?› አለችኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ።»

በማግሥቱ የጻፉትን መልስ፣ እንደ ወታደር ደንብ ግልባጩን በደብተራቸው አስቀርተውት ስለ ነበር፣ ከዚያው ላይ ቀድተነዋል።

«ልጄ ሆይ፣ ገበሬ መባሌ አላስከፋኝም። ታጠቅ ጦር ሰፈር ከመግባቴ በፊት ሳርስ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ የተናገርሽው ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ግን ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው። ሰው ቤት ገብቶ ሻይ የጠጣ፣ እውነቱን ሊደብቅ አይገባውም። ስለ እኔ ይቅርታ አትጠይቂላቸው፤ አትፎክሪባቸውም። እኔ ታዝዤ ሄድሁ፤ እርሳቸውም ታዝዘው መጡ። ይህን ብቻ ንገሪ። ቢቆጡ አትከራከሪ፤ አመስግነሽ ውጪ። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ስገባ ከጎኔ የተኛው ሰው ከወለጋ የመጣ ነበር። እርሱ አማርኛ አያውቅም፤ እኔም ኦሮምኛ አላውቅም። መጀመሪያ ያስተማረኝ ቃል ‹ቢሻን› ነው፤ ውሃ ማለት ነው። ከወራት በኋላ ካራማራ ላይ ያችው ቃል ለሁለታችንም ጠቀመችን። ሰውን ማወቅ የሚጀመረው ከሚያስፈልገው ነገር ነው። ሽማግሌው የሚያስፈልጋቸው እውነት እንደ ሆነ ይሰማኛል።»

ሦስተኛው ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ልጅቱ በአንድ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀን፣ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዳለች። «‹አያቴ ወታደር ነበሩ፤ ባለፈው የነገርኋችሁ ሙሉ አልነበረም› ስል ጓደኛዬ መተርጐሟን አቋርጣ አየችኝ። ከጥቂት ዝምታ በኋላ ቃሉን ለአያቷ ነገረቻቸው። ሽማግሌው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ‹ካራማራ ላይ ነበሩ?› አሉኝ። አዎን አልሁ። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ‹ሌሊቱ ብርድ ነበር› አሉ። ከዚያም ‹አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል?› ሲሉ ጠየቁኝ። ያማቸዋል አልሁ። ‹እኔንም› አሉኝና ሻይ ጨመሩልኝ።»

ሽማግሌው በዚያ ቀን የራሳቸውንም ታሪክ ነግረዋታል። ግንቦት 23 ቀን 1980 ዓ.ም. የሶማሊያን መንግሥት የሚወጋ የአማጽያን ጦር ወደ ሐርጌሳ በገባ ጊዜ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ከተማውን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። ዛሬ በሐርጌሳ መሐል ከተማ ላይ አንድ ሚግ አውሮፕላን ከፍ ብሎ የቆመው ይህን ለማስታወስ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ከጅጅጋ ወዲያ የተቋቋመው የሐርተሼክ የስደተኞች ሰፈር በአንድ ወቅት ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ሰው አስጠልሏል፤ በዓለም ከነበሩት የስደተኞች ሰፈሮችም ትልቁ እስከ መባል ደርሶ፣ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሽማግሌውም የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው በእግራቸው ከተሻገሩት አንዱ ነበሩ። ያች ሕፃን የዛሬዋ ተማሪ እናት ናት። «ያገለገልሁት ጦር ቤቴን አፈረሰው፤ የተዋጋሁት አገር ጥላ ሰጠኝ» ማለታቸውን ልጅቱ ጽፋለች።

እንዲህ ሲባል ሁሉ ነገር በዚያው ቀን የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌው ይቅር ሲሉ፣ ጓደኛዋ ግን ተቀየመች። የተቀየመችውም የወታደር ልጅ ልጅ በመሆኗ አልነበረም። «ውሸትሽን በእኔ አንደበት ለአያቴ አስነገርሽኝ» አለቻትና ስምንት ቀን ሙሉ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በአውቶቡሱም ከፊት ተሳፈረች። በዚህ መካከል ጓደኛዪቱ በሕመም ምክንያት ሁለት ቀን ከክፍል ቀረች፤ ፈተናም ቀርቦ ነበር። የእኛይቱ የሁለቱን ቀን ትምህርት በሚነበብ ጽሕፈት ገልብጣ፣ ደብተሩን ምንም ሳትናገር በጓደኛዋ ወንበር ላይ አኖረችው። ደብተሩ ሲመለስ ሦስት ስሕተቶች በቀይ ታርመውበት ነበር። በማግሥቱ ጓደኛዋ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመልሳ፣ «ከእንግዲህ ለአያቴ የምትነግሪያቸውን ለእኔ አስቀድመሽ ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቱም ቃል ገባች።

ከዚህ ታሪክ እኛ የምንማረው ምንድን ነው?

አንደኛው፣ መተዋወቅ በታላቅ ንግግር የሚጀመር አለመሆኑ ነው። ሁለቱ ልጆች ለሁለት ወር ያልቻሉትን በአንድ ሰዓት ሥራ ቻሉት። ስለዚህ ዓይን አፋር የሆነው ልጃችሁ፣ «ምን ብዬ ላናግረው?» ብሎ ሲቸገር፣ የሚያወራውን ከመፈለግ ይልቅ አብሮ የሚሠራውን እንዲፈልግ ምከሩት። የጎደለ ማስታወሻ መጠየቅ፣ አብሮ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ፣ ያልገባውን የሒሳብ ጥያቄ አብሮ መሥራት ይበቃል። በማሠልጠኛ ያለፈ ወታደር ይህን ያውቀዋል፤ ባልንጀራውን ያወቀው ስለ ወዳጅነት ተነግሮት ሳይሆን፣ ቦይ አብሮት ሲቆፍር ነው።

ሁለተኛው፣ የጥያቄአችን ጉዳይ ነው። ልጆቻችን ከኮሌጅ ሲደውሉ አስቀድመን የምንጠይቃቸው «በላህ ወይ?» ብለን ነው፤ ይህ የወላጅ ወግ ነው። ቀጥለን ግን «አብሮህ ያለው ልጅ የየት አገር ሰው ነው?» እንላለን። በዚህች አንዲት ጥያቄ፣ ልጁ ገና ያላወቀውን ሰው በሳጥን ውስጥ ከትቶ እንዲያይ እናስተምረዋለን። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከልዩ ልዩ ክልል የተመደቡ ተማሪዎች በአንድ መኝታ ክፍል እንዲኖሩ ስለሚሆን፣ ጥያቄው ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በፈንታው «ስሙ ማን ነው? የአባቱስ? ምን ያስቀዋል? ከቤቱ የሚናፍቀው ምንድን ነው?» ብንል፣ ልጁ ለመመለስ ሲል ባልንጀራውን ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም ያውቀዋል። የትውልድ አገሩ ጊዜውን ጠብቆ ራሱ ይነገራል።

እንዲህ ያለው መተዋወቅ የአንድን ትውልድ አስተያየት እስከ መለወጥ የሚደርስ ኃይል እንዳለው የአገራችን የትምህርት ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች በነፃ የትምህርት ዕድል በአዲስ አበባ ተምረዋል። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን የበቁት ሮበርት ኡኮ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከእነርሱ ጋር ሲነጋገሩ የገዛ አገራቸውን በአዲስ ዓይን መመልከት እንደ ጀመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ከጎን የተቀመጠን ሰው ማወቅ ራስንም ማወቅ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛውና ለእኛ ቤተሰቦች የሚቀርበው፣ የወታደር ልጅ የአባቱን ሥራ እንዴት ይናገር የሚለው ነው። ልጆቻችን በማያውቁት ሕዝብ መካከል ሲገኙ አንዳንዶቹ ይህን ይሸሽጉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ እንደ ዱላ ይይዙታል። የሃምሳ አለቃው ምክር ለሁለቱም ይበቃል፦ ይቅርታ አትጠይቂበት፤ አትፎክሪበትም። እውነቱ በቀላል ቃል ይነገር፤ ከዚያም ሌላው ሰው የራሱን እውነት እንዲናገር ዝም ተብሎ ይደመጥ። የአባቱን ሥራ ያለ ፍርሃትና ያለ ትዕቢት የሚናገር ልጅ እንዲኖረን ደግሞ፣ አባቶች ያለፉበትን በቤት ውስጥ በልኩ ማውራት ይኖርባቸዋል። ልጅቱ የካራማራን ስም እንጂ ብርዱን ከአያቷ አልሰማችም ነበር፤ የሰማችው ከሌላው ሽማግሌ ነው።

አራተኛውን ለጥንቃቄ እንጨምራለን። መተዋወቅ ማለት ባገኙት ሰው ሁሉ መታመን ማለት አይደለም። ወዳጅነት እንደ ቡና ነው፤ አቦሉ ብቻ ተጠጥቶ አይነሡም። ልጆቻችን ለሁሉም ሰላምታ ይስጡ፤ ምሥጢራቸውንና ገንዘባቸውን ግን ጊዜ ለፈተነው ያቆዩ። በመካከል ቅሬታ ቢነሣም እንደ ፍጻሜ አይቍጠሩት። ቀይ እርማት ያለበት ደብተር የሚመለስበት ቀን አለ።

ሃምሳ አለቃው ደብዳቤዎቻቸውን አጥፈው ሊወጡ ሲሉ፣ ባለቤታቸው ያን ሰሞን የሚፈትሉት ጥጥ ምን ላይ እንደ ደረሰ ጠየቅናቸው። «ጋቢ ሆኖ ተሠርቶ አለቀ» አሉን። «ለእኔ መስሎኝ ነበር። ወደ ቶጎ ውጫሌ ለሚሄድ ሾፌር ሰጥታ ለሽማግሌው ላከችላቸው። ‹ለጉልበታቸው ነው› አለችኝ።»

በዚህ ሳምንት ልጁን ወደ ኮሌጅ የሸኘ ቤተሰብ ሁሉ፣ ማታ ሲደውል «በላህ ወይ?» ካለ በኋላ «ከጎንህ ማን ተቀመጠ?» ብሎ እንዲጠይቅልን አደራ እንላለን። የሚሰጣችሁን መልስ ጽፋችሁ ብትልኩልን፣ በዚሁ ማዕዘን እናወጣዋለን።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።